ፊደሉን ሳይሆን ልጅቷን ሸፈንናት

ወገኖቼ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የተነቀሰች አንዲት እህታችን ክንዷ ላይ «ጸጋ» ሊባል «ጸገ» ሆኖባታል። ነቃሹ በአበባ ልሸፍነው አላት። ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ስህተቱን የሚሸፍነው ከእሱ የሚበልጥና የሚጠቁር ሥዕል ነው።

እኛ ግን ከመዘምራን ያገድናት ለፊደሉ አይደለም፤ ዘሌዋውያን 19፥28ን ጠቅሰን ነው። ያው ምዕራፍ ቁጥር 19 ላይ ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ ይከለክላል። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጋውናችንስ? ቁጥር 16 ደግሞ ሐሜትን ይከለክላል፤ ስለ ክንዷ ስናወራ ማን አነበበው?

ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶቻችን ጌታን ሲቀበሉ በእኛ ጉባኤ ማንም «ይፋቅ» አላላቸውም። አቅፈን ነው የተቀበልናቸው።

እሷ አሁን በዚህ ሙቀት እጅጌ ሙሉ ለብሳ የኋላው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው እሑድ ደግሞ አልመጣችም።