የማያም ቁስል

የአገራችን ሰው ቁስልን የሚመዝነው በሕመሙ ነው። የሚጠዘጥዘውን ይፈራዋል፤ የማያመውን «ቀላል ነው፤ ይደርቃል» ብሎ ይተወዋል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስኳሩ ለብዙ ዓመታት በደም ውስጥ ሲበዛ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ደም ሥሮችንም ያጠብባል። ስለዚህ ምስማር ቢወጋው፣ ፍም ቢያቃጥለው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም፤ በቆሰለ እግሩ እንደ ደኅና ሰው ይራመዳል። ቁስሉም ይመረቅዛል፤ የብዙዎች መጨረሻ እግርን መቆረጥ ይሆናል።

ታዲያ ይኸ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ ነውን? አይደለም። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ አገር በቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ እግርን የሚያቆስለው የስሜት መጥፋት መሆኑን አስረድቷል፤ በኋላም በአሜሪካ ይህንኑ ትምህርት ለስኳር ሕሙማን አውሎታል። በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የደነዘዘ እግር አጠባበቅን ሲያስተምር ኖሯል። እኛን የሚያሳዝነን፣ የስኳር ሕመምተኛ ዛሬም መድኃኒቱን ተቀብሎ ጫማውን ሳያወልቅ ከክሊኒክ ሲወጣ ማየታችን ነው።

«ሐኪሙ ጊዜ የለውም» የሚሉ አሉ። የወረፋውን ርዝመት አንክድም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች የተዘጋጀው ምርመራ ከጣት በቀር መሣሪያ አይፈልግም። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ የሁለቱም እግሮቹ አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት በቀስታ ይነካሉ። ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ስሜት እያጣ ነው ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ጊዜ ከጠፋ፣ ለመጋዙ የሚሆነው ጊዜ ከወዴት ይመጣል?

ቁስል ከወጣም ቅባት ብቻውን አያድነውም። ከሁሉ በፊት የሰውነት ክብደት እንዳያርፍበት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዚያም የሞተው ሥጋ በባለሙያ ይነሣ፣ ቁስሉ በንጹሕ ፋሻ ይሸፈን፣ የደሙ ዝውውር ይመርመር፣ ስኳሩ ይስተካከል። የደነዘዘ እግርን በሙቅ ውሃና በጨው መዘፍዘፍ ግን ቃጠሎን መጋበዝ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን የስኳር ሕመምተኛ በቀረበ ቁጥር ጫማው እንዲወልቅ የሕክምና ተማሪውን እንዲያስገድዱልን እንጠይቃለን። እኛም የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነን ብለን አናመልጥም። የታላላቆችን እግር ማጠብ የቆየ ወጋችን ነው፤ ለዕረፍት ቤታችን ስንገባ ስናጥብ ውስጥ እግሩን እንመልከት፣ በጣቶቹ መካከል እናድርቅ፣ ትንሿንም ቁስል ወደ ሐኪም እናድርስ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸ ነው።