«ላ ጋር» እያላችሁ አታርሙን

ባለፈው ሰሞን ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ «ለገሃር ወራጅ!» ስል፣ አጠገቤ የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ፈገግ ብሎ «ትክክለኛው ላ ጋር ነው» አለኝ። አመስግኜው ወረድኩ። መልሱ የመጣልኝ እንደ ልማዴ ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው። እነሆ!

ፈረንሳይኛውን አልሳተም። «ጋር» ባቡር ጣቢያ ነው፤ «ላ» ደግሞ እኛ ከስም ኋላ የምንቀጥላት «ው» ናት። ባንድ ላይ «ጣቢያው» እንደማለት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ሥራው በፈረንሳዮች እጅ ስለነበር ጣቢያውም በቋንቋቸው ተጠራ። ያገሬው ሰው ሰማና በራሱ አፍ «ለገሃር» አለው።

(«ለገ» እንደ ለገጣፎና ለገዳዲ የኦሮምኛው ወንዝ ነው የምትሉም አላችሁ። ያሳስታል፣ ግን አይደለም።)

የሚያስቀው ግን ፈረንሳይኛው ራሱ ከወንዝ መምጣቱ ነው። ባቡር ከመኖሩ በፊት «ጋር» ማለት ጀልባዎች መንገድ ለቀው ገለል ብለው የሚቆሙበት የወንዝ ዳር ነበር። «ጋራዥ»ም ከዚያው ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ ለገሃርና መኪናችንን የምናሠራበት ጋራዥ የአክስት ልጆች ናቸው! ፈረንሳዮች የጀልበኛን ቃል ወስደው ለባቡር ሲያደርጉት ቁጭ ብሎ ያረማቸው አለ? እኛም የባቡሩን ወስደን የሰፈር ስም አደረግነው። «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ማንም የማይስቀው ለዚህ ነው፤ ቃል በቃል ቢፈታ እኮ «ጣቢያው ባቡር ጣቢያ» ነው።

«ባቡር»ስ ቢሆን? ከአውሮፓ «ቫፖር»፣ ከእንፋሎት፣ በዓረቦች አፍ ዞሮ የደረሰን ቃል ነው። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የከተማችን ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። እንፋሎት የለህም ተብሎ ስሙን የተነጠቀ አላየሁም።

እንግዲህ የእኔ ንዴት በሰውየው አይደለም። በኅዳር 2011 እዚያው ለገሃር ላይ ትልቅ የመኖሪያና የንግድ መንደር ግንባታ ሲጀመር የተሰጠው ስም «ላ ጋር» ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ቃሉ ፈረንሳይኛውን ለብሶ ተመለሰ። ለምን? «ለገሃር» ሲባል የሚታየን የታክሲ ሰልፍ፣ ሊስትሮና የቆርቆሮ ቤት ስለሆነ ነዋ! «ላ ጋር» ሲባል ሊፍት ያለው አፓርታማ ይታያል። ይሄ የቋንቋ እርማት አይደለም፤ የዋጋ ጭማሪ ነው። የሰፈሩ ነዋሪዎች ከቦታው እንደማይነቀሉ ያኔ ተነግሯል። እሰየው። እነሱ እዚያው የሚኖሩ ከሆነ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ስም ምን አድርጎ ነው የሚነሳው?

ደግሞስ በፈረንሳይኛው እንሂድ ከተባለ እስከ መጨረሻው እንሂድ። በመስከረም 2009 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ለገሃር ድርሽ አይልም፤ መንገደኛ የሚሳፈረው ከተማው ዳር ፉሪ ሄዶ ነው። ለገሃር የቀረው የከተማው ባቡር ፌርማታ ነው፣ እሱም ስሙ «ለገሃር» ነው። ስለዚህ ባለ ከረባቱ ወንድሜ፣ ላ ጋር ከፈለግህ ፉሪ ድረስ ተሳፈር። እኔ ለገሃር ወራጅ ነኝ።