«ሞተር ይታይ»

መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ጤነኛ ናት። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች፣ ሜዳውን ያለ አንዳች ቅሬታ ትሄዳለች። ችግሯ የሚመጣው ቀትር ላይ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በተለይ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስንያያዘው ነው። ድንገት ጸጥ ትላለች። መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይደነድናል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ይለቀዋል፣ ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ መንጃ ፈቃዴን ከየት እንዳመጣሁት ይጠይቀኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ስትቀዘቅዝ ግን ምንም እንዳልነካት ትነሳለች።

ይህንን ሁሉ ለገዛሁበት ድርጅት የሰርቪስ ክፍል አንድ በአንድ ነገርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ዳገቱንም፣ ሙቀቱንም፣ ግማሽ ሰዓቱንም ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝና ጻፈች። ፈርም ተብዬ ካርዱን ሳየው ያለበት ሁለት ቃል ነው፤ «ሞተር ይታይ»።

የእኔ ቅሬታ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ጋር ነው። ልጅቷ አልሰነፈችም፤ ካርዱ ላይ ለደንበኛ አቤቱታ የተተወላት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። ካርዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ውጭ እቀራለሁ። በሽተኛው ሕመሙን ለካርድ ክፍል ሠራተኛ ተናግሮ ወደ ቤቱ የሚሸኝበት፣ ሐኪሙም ካርዱን ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚያዝበት ሆስፒታል ቢኖር አንድም ሰው አይሄድበትም ነበር። መካኒኩ በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት፣ በድርጅቱ ግቢ አንድ ዙር ይነዳታል፤ ኮምፒውተር ይሰካባታል፤ ከዚያ ይደወልልኛል። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አያሳይም። መጥተው ይውሰዷት።» መካኒኩም ኮምፒውተሩም አልዋሹም። የታዘዘው «ሞተር ይታይ» ነው፤ ታይቷል።

ተመልሼ ስሄድ ደግሞ ባዶ እጅ ላለመሸኘት ያህል ዕቃ መቀየር ተጀመረ። ካንዴላ ተቀየረ። የነዳጅ ፊልትሮ ተቀየረ። በመጨረሻ የነዳጅ ፓምፕ፣ ያውም ከውጭ እስኪመጣ ተጠብቆ፣ ዋጋውን እዚህ ባልጽፈው የምመርጠው ፓምፕ ተቀየረ። ዋስትናው የት ሄደ ብል ፓምፕ «በአጠቃቀም የሚያልቅ ዕቃ» ነው ተባልኩ። ለምን ፓምፑ ተጠረጠረ፣ ግፊቱ ተለክቶ ስንት ሆኖ ተገኘ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ የሰርቪስ ኃላፊው ነዳጁን ወቀሰ። ነዳጁ የማይወቀስበት የሰርቪስ ክፍል አይቼ አላውቅም። ከነዳጁ ቀጥሎ የሚወቀሰው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። እውነት ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በልጠን ስለምንኖር ሞተር የሚስበው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ነገር ግን የዛሬ ሞተር አየሩን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ራሱ ያመጣጥናል። ከፍታ ሞተር ያደክማል እንጂ ቀትር ላይ አጥፍቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አያስነሳም።

መፍትሔው የመጣው ከአንድ የሰፈር የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ልጁ የተለየ መሣሪያ የለውም፤ ያለው ጥያቄ ነው። «ሲሞቅ ብቻ ነው? ስትጠፋ ተንገጫግጫ ነው ወይስ በአንዴ? ስንት ቆይታ ትነሳለች?» ከዚያ አብሮኝ ተሳፍሮ ዳገቱን ወጣን። ስትጠፋ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ክራንክ ሻፍቱ አጠገብ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሴንሰር እጁን ሰዶ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰባት። ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ያቺ ሴንሰር ክራንኩ የት እንደደረሰ ለሞተሩ ኮምፒውተር የምትነግር ናት። ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ ካረጀ ሲሞቅ ይለቅና ምልክቱ ይቋረጣል፤ ኮምፒውተሩ መቼ ነዳጅ እንደሚረጭ፣ መቼ እሳት እንደሚሰጥ ግራ ይገባውና ሁሉን ይዘጋል። ሲቀዘቅዝ ሽቦው ይገናኛል። ብዙ ጊዜም ኮድ ሳይመዘገብ ያልፋል። ዋጋዋ ከፓምፑ ጋር አይነጻጸርም።

የሰፈር ጋራዥን ላመሰግን ግን አልተነሳሁም። እዚያም ግምት እንደ ልብ ነው። «ሞተር ይሞቃል» ሲባል ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል በከተማችን የታወቀ ፈውስ ነው። ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን እንዳለ ይቀመጣል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ራዲያተር ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው ብቻ ነው። ስንት ሰው የክዳኑ ጎማ አርጅቶበት ቴስታ አስወርዷል! ልዩነቱ የሰፈሩ መካኒክ የኩባንያ ማኑዋልና መለኪያ ሳይኖረው መገመቱ፣ ድርጅቱ ግን ሁሉን ታጥቆ፣ በዋስትና ስም አስሮ፣ በዚያ ዋጋ መገመቱ ነው።

ይህንን ያጫወትኩት ሁሉ «ውጭ አገር ቢሆን ኖሮ» ይለኛል። ውጭ አገር ምን እንደሆነ እንይ። ሂዩንዳይ ቴታ 2 ከተባለው ሞተሩ ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ 470,000 ገደማ ሶናታዎችን ለጥገና ጠራ። በፋብሪካ ክራንክ ሻፍቱ ሲሠራ የብረት ብናኝ በዘይት መተላለፊያው ውስጥ እየቀረ፣ ዘይቱን እየዘጋ፣ ሞተሩን መንገድ ላይ ያስቆመው ነበር። ጥሪው ከጊዜ በኋላ ወደ ኪያም ተስፋፋ። የዚያም አገር ባለመኪና ግን ከጥሪው በፊት በየሰርቪስ ክፍሉ ሲመላለስ፣ ዘይት የቀየረበትን ደረሰኝ አምጣ ሲባል ከርሟል። ኪም ጓንግ-ሆ የተባለ የሂዩንዳይ መሐንዲስ ኩባንያው ጉድለቱን በሚገባ እንዳላሳወቀ በ2016 ለአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ሰነድ አቀረበ፤ ከሥራውም ተባረረ። በ2020 ሁለቱ ኩባንያዎች ጥሪውን በማዘግየታቸውና ያልተሟላ መረጃ በመስጠታቸው በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ቅጣት ተስማሙ። በ2021 ደግሞ መሐንዲሱ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሮታ ተከፈለው።

እዚያም ያለው ተቀባይ እንደኛው ነው፣ ምናልባትም ፈገግታው ይበልጥ ይሆናል። የሚለየው አቤቱታው የሚቆጠርበት ቦታ መኖሩ ነው። ኮነቲከት የተባለችው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ባላት ሕግ አዲስ መኪና ለአንድ ዓይነት ጉድለት 4 ጊዜ ተሞክሮ ካልዳነ፣ ወይም በድምሩ 30 ቀን ጋራዥ ውስጥ ከዋለ፣ ገዢው ቅያሪ ወይም ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ያገኛል። አራቱም ሠላሳውም የሚቆጠሩት ከጋራዡ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ አንዴ «ሞተር»፣ አንዴ «ጠቅላላ ምርመራ»፣ አንዴ «ሰርቪስ» ከተጻፈ አንድ ዓይነት ጉድለት የሚባል ነገር የለም።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ አገልግሎቱ ጎድሎ ከሆነም ያለ ክፍያ እንዲደገምለት። ለሸሚዝ 15 ቀን ይበቃል። በበጋ ቀትር ዳገት ላይ ብቻ ለሚታመም ሞተር ግን በክረምት የገዛ ሰው መብቱን ሳያውቀው ይጨርሳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይሻላል፤ ግን እሱም ገዢው ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል። በቃል ማስታወቅን ማን ይመሰክራል? ልጅቷ?

ስለዚህ እኔ አሁን ካርዱ ላይ ራሴ እጽፋለሁ። «ሞተሩ ሲሞቅ ዳገት ላይ በአንዴ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል» ብዬ፣ ከመስመሩ ውጭ በኅዳጉም ቢሆን። ፎቶ አነሳዋለሁ። ዕቃ ከተቀየረ አሮጌውን እጠይቃለሁ፤ በምን ምርመራ እንደተጠረጠረ እንዲጻፍልኝም። መካኒኩ አብሮኝ እንዲነዳ እለምናለሁ። በዚህ ምክንያት በሰርቪስ ክፍሉ «ያ አስቸጋሪ ሰውዬ» ተብያለሁ፤ ቢሆንም ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች እንዲሁ ቢያስቸግሩ ኃላፊው ካርዱን ለማስፋት የሚገደድ ይመስለኛል።

ጉዳዩ የእኔ አሮጊት ብቻ ቢሆን ዓምድ ባልፈጀሁበት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከእንግዲህ ያሉን የነዳጅ መኪኖች ከታሰበላቸው በላይ ማገልገል አለባቸው፤ የሚገቡት ደግሞ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ቴስታም ካንዴላም የላቸውም፤ የሰፈሩ ልጅ ውሃ የሚያፈስባት ሴንሰርም የላቸውም። አብዛኛው ምርመራቸው ሶፍትዌሩን ከያዘው ሰው እጅ አይወጣም። በቅርቡ አንድ ዘመድ ሊገዛ ሲል አብሬው ማሳያ ክፍል ሄጄ ነበር። ሻጩ ባትሪው በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድና ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ በቃሉ ያውቃል። ጥገናው የት እንደሚደረግ ስጠይቀው «ቦታው እየተዘጋጀ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። የሥራ ካርዳቸውን አንድ ቅጂ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ እስካሁን አላሳተሙም።