ማደያው ተነሳ፤ የፈሰሰው ቤንዚንስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ማደያ ፈርሶ ቦታው ላይ ፎቅ ሲጀመር "ከተማው አማረ" እንላለን። እሺ ይመር! ግን ከስር የተቀበረው ታንከርስ? አፈሩን ማን መረመረው?

ነገሩ ቀላል አይደለም። የብረት ታንከር ዓመታት ተቀብሮ ሲቆይ ይዝጋል፣ ጠብ ጠብ እያለ ያፈሳል። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በውስጡ ያለው ቤንዜን የሚባል ኬሚካል ደግሞ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ የደም ካንሰር ያመጣል። ትነቱም በወለል ስንጥቅ ቤት ይገባል። እኛ ደግሞ የአቃቂን ጉድጓድ ውሃ የምንጠጣ ሰዎች ነን።

"በምን ገንዘብ ይጸዳል?" የሚል አይጠፋም። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. በእያንዳንዱ ጋሎን ላይ 0.1 ሳንቲም ቀረጥ ጥላ የማጽጃ ፈንድ አቋቋመች። ባለቤቱ ከታወቀ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

እኔ የምለው፦ አፈሩ ሳይመረመር የግንባታ ፈቃድ አይሰጥ። የተበከለው ተቆፍሮ ይውጣ፤ የቀረውን አየር እየነፉ ማትነንና በባክቴሪያ ማስበላት ይቻላል። ትርፉን የበላ ወጪውንም ይቻል። ፎቁ ከቆመ በኋላ ከስሩ መቆፈር ዘበት ነው።

ማደያ የነበረበት ቦታ ላይ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ከካርታው እኩል የአፈር ምርመራ ውጤቱን ጠይቁ።