ቀሚሱ የማን ነው?

የድሮ የአሜሪካ ፊልም ወዳጆች አንድ የማይለቃቸው አመል አላቸው። ስለ ኦድሪ ሄፕበርን፣ ስለ ማሪሊን ሞንሮ፣ ስለ ቪቪየን ሊ ባወሩ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ልብሷን ነው። «ያቺ ጥቁር ቀሚስ!» ይላሉ፤ «ያ ነጭ ቀሚስ ነፋስ ሲያነሣው!» ይላሉ፤ «ያ ከመጋረጃ የተሰፋው አረንጓዴው!» ይላሉ። እሰየው። ታዲያ «ማን ሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው እንግዳ ነገር እንደሰማ ሰው ትክ ብለው ያዩአችኋል። ቀሚሱ ከተዋናይቱ ገላ ላይ እንደ ቆዳ የበቀለ ይመስላቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ግን ከተመልካቹ ጋር አይደለም። ተመልካቹን እንዲህ ያስለመደው ሆሊውድ ነው። ወርቃማ በሚባለው ዘመን የነበሩት ትልልቅ ስቱዲዮዎች በልብስ ታሪክ ተርከውበታል፣ ኮከብ ፈጥረውበታል፣ ገበያ ጠርተውበታል። የሠሪውን ስም ግን ሲሻቸው ሲጽፉ፣ ሲሻቸው ሲፍቁ ኖረዋል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በ1954 የወጣው «ሳብሪና» ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ታሪኩን እናስታውስ። ሳብሪና የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ሾፌር ልጅ ናት። ለጌቶቹ ታናሽ ልጅ ለዴቪድ ልቧ ጠፍቶ፣ ዛፍ ላይ ወጥታ ግብዣቸውን አሻግራ ታያለች፤ እሱ ግን ከቁብም አይቆጥራት። የምግብ ሙያ እንድትማር ፓሪስ ትላካለች። ስትመለስ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ ሳለ ዴቪድ በመኪናው ሲያልፍ ያያትና ይቆማል፤ አሳፍሮም ይወስዳታል፤ የገዛ ሾፌራቸው ልጅ መሆኗን ግን አላወቀም! የፊልሙ ነገር ሁሉ በዚህች ትዕይንት ላይ ተንጠልጥሏል። ለመሆኑ ምኗ ተለወጠ? ፊቷ ያው ነው፤ ድምጿም ያው ነው። የተለወጠው ልብሷ ነው፦ ጠቆር ያለ፣ ወገቧ ላይ ልክክ ያለ ሱፍ፣ ራሷ ላይ ጥምጥም የመሰለ ባርኔጣ። ተመልካቹ ያንን ልብስ ካላመነው ዴቪድን ጅል ነው ይለዋል፤ ዴቪድ ጅል ከሆነ ደግሞ ፊልሙ እዚያው ላይ አበቃለት። እንግዲህ ያንን ልብስ የሠራ ሰው ከድርሰቱ ሲሶውን ጽፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ ሰው ዩቤር ደ ዢቫንሺ ይባላል። በ1953 ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ የራሱን የልብስ ስፌት ቤት ከከፈተ ብዙም አልቆየም። «ሚስ ሄፕበርን ልታይህ ትመጣለች» ሲሉት የጠበቀው አንጋፋዋን ካትሪን ሄፕበርንን ነው። በሩን ከፍታ የገባችው ግን ጠባብ ሱሪና ካናቴራ የለበሰች፣ የቬኒስ ጀልባ ቀዛፊዎችን የመሰለ ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ቀጭን ልጅ ሆነች። «የሮማ በዓል» የተሰኘው ፊልሟ ገና ስላልተዳረሰ ማን እንደሆነች አላወቀም። ለአዲሱ ወቅት ልብስ እያዘጋጀ በሥራ ተወጥሮ ስለነበር፣ ባለፈው ወቅት ከሠራኋቸው የሚስማማሽን ምረጪ አላት። መረጠች። ከባቡር ጣቢያው ሱፍ ሌላ፣ ለግብዣው የሚሆን ባለ ረጅም ጅራት ነጭ ጥልፍ ቀሚስና ትከሻው ላይ በሪባን የታሰረ ጥቁር ቀሚስ ወሰደች። ሳብሪና ከፓሪስ ተለውጣ መመለሷን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ከፊልሙ በሰው ዓይን ውስጥ የቀሩት እነሱው ናቸው።

ፊልሙ ሲወጣ የዢቫንሺ ስም የለም። «ልብስ፦ ኢዲት ሄድ» ይላል። ኢዲት ሄድ የፓራማውንት የልብስ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1955 በተደረገው የኦስካር ሥነ ሥርዓት «ሳብሪና» በጥቁርና ነጭ ፊልም የልብስ ሽልማት አገኘ፤ ሐውልቱን ወይዘሮ ሄድ ለብቻቸው ተቀበሉ። የፓሪሱን ሰው ስም አላነሡም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ለሴትዮዋ ፍርድ ማጓደል ግን አይገባም። በሕይወታቸው ስምንት ኦስካር አግኝተዋል፤ ሠላሳ አምስት ጊዜ ታጭተዋል፤ ይህን ያህል የተሸለመች ሌላ ሴት የለችም። ጂሚ ስቱዋርት እግሩ ተሰብሮ በመስኮት በሚሰልልበት በሂችኮኩ ፊልም ውስጥ ግሬስ ኬሊን ያለበሱ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ብርቱ ሴት ናቸው። «ሳብሪና» ውስጥም ቢሆን ከፓሪስ በፊት ያለችውን፣ ባዶ እግሯን የምትዞረዋን የሾፌር ልጅ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ጠበቆቻቸውም የሚሉት ይህንኑ ነው። «የስቱዲዮ ደንብ ነበር፤ የክፍል ኃላፊ ስሙን ይጽፋል፤ ሌላው ለኃላፊው እንደሠራ ይቆጠራል» ይላሉ። ጥቁሩን ቀሚስ የፓራማውንት የስፌት ክፍል ነው የሰፋው የሚሉም አሉ። ይሁን! እንዲያ ከሆነ ሽልማቱ ከዢቫንሺ ሌላ ለዚያች መርፌ ለያዘች ሠራተኛ ይድረሳት እንጂ ለኃላፊዋ ምን አገባው?

ደንብ ነበር የሚለው መከራከሪያም ቢሆን ውሃ አይቋጥርም። ከዚያ ከአራት ዓመት በፊት ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በ1950 የወጣው «ኦል አባውት ኢቭ» የፎክስ ስቱዲዮ ፊልም ነው፤ የፎክስ የልብስ ክፍል ኃላፊ ደግሞ ቻርልስ ለሜር ነበሩ። ለቤቲ ዴቪስ ልብስ ብቻ ኢዲት ሄድን ከፓራማውንት በውሰት አመጧቸው። ያ ትከሻን ገልጦ የሚወርደው የግብዣ ቀሚስ የሳቸው ነው። (ልኩ ተሳስቶ ከትከሻዋ ሲንሸራተት ቤቲ ዴቪስ ጭራሽ ወደ ታች ሳብ አድርጋ «እንዲህ ይሻላል» አለች የሚለውን ወሬ የነገሩን ራሳቸው ኢዲት ሄድ ናቸው።) ታዲያ ለሜር ምን አደረጉ? «የክፍል ኃላፊው እኔ ነኝ» ብለው የእንግዳዋን ስም ሰረዙ? አልሰረዙም። የቤቲ ዴቪስን ልብስ የሠሩት ኢዲት ሄድ መሆናቸው በፊልሙ ላይ ተጻፈ፤ ኦስካሩም በ1951 ለሁለቱም ተሰጠ። ወይዘሮ ሄድ እንግዳ በነበሩ ጊዜ የእንግዳ ስም ይጻፋል፤ እንግዳው ሌላ ሰው ሲሆን ደንብ ይጠቀሳል! ይህን ዓይነቱን ደንብ ምን ብለን እንጥራው?

ከዚህ የባሰም አለ። የልብስ ኦስካር መሰጠት የጀመረው በ1949 ነው። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት በቀለም ፊልም ዘርፍ ያሸነፈው «ጆን ኦፍ አርክ» ሲሆን፣ ሐውልቱን የተቀበሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፦ ንድፉን ያወጣችው ዶሮቲ ጂኪንስና ጨርቁን ቆርጣ የሰፋችው ባርባራ ካሪንስካ። አንዷ በእርሳስ፣ አንዷ በመቀስ። አካዳሚው ገና ሲጀምር ነገሩ ገብቶት ነበር ማለት ነው። ንድፍና ስፌት ሁለት ሙያ መሆናቸውን አውቆ ለሁለቱም ሰጠ። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ነዳፊውንም ሰፊውንም ትቶ ለአለቃው ሰጠ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሁሉ ሰምተው «ምን አስጨነቀህ፤ ልብስ ጌጥ ነው፤ ፊልም ማለት ተዋናዩ ነው» ይሉናል። ተዋናዮቹን እንጠይቃ! ዶሮቲ ዳንድሪጅ «ካርመን ጆንስ» ውስጥ ለመሥራት ወደ ዳይሬክተሩ ወደ ኦቶ ፕሬሚንገር በሄደች ጊዜ፣ ሰውዬው ገና ሲያያት «በጣም የተከበርሽ እመቤት ትመስያለሽ፣ ለካርመን አትሆኚም» በሚል ስሜት ሊመልሳት ነበር። እሷ አልተከራከረችም። ሄዳ ልብሷን ለወጠች። ከአንገቷ ሰፋ ያለ ሸሚዝና ጠባብ ጉርድ ለብሳ፣ ጸጉሯን በትና፣ አረማመዷንም ቀይራ ተመለሰች። ካርመንን አገኘች። «ሳብሪና» በተሸለመበት በዚያው ሌሊት ዳንድሪጅ ለምርጥ ዋና ተዋናይት ሽልማት በመታጨት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆና ተቀምጣ ነበር። ሽልማቱን ግሬስ ኬሊ ወሰደችው። ለዳንድሪጅ ልብስ ጌጥ ነበር የሚል ካለ ይነሣና ይንገረን።

ወደ አረንጓዴው መጋረጃ እንሂድ። ይህን ታሪክ የእኛ አገር አንባቢ በደንብ ያውቀዋል፤ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነውና። በ1939ኙ ፊልም ስካርሌት ኦሃራ እርሻዋ በግብር ዕዳ ሊወሰድባት ሲል፣ እስር ቤት ያለውን ሬት በትለርን አታላ ገንዘብ ለማግኘት የእናቷን የመስኮት መጋረጃ ቀሚስ ታስደርጋለች። ቀሚሱን የነደፈው ዋልተር ፕለንኬት ነው፤ ይህ በታሪክ መዝገብ ላይ አለ። በፊልሙ ውስጥ ግን «የንድፉን ሳጥን ከቆጥ አውርጂ» ተብላ የምትታዘዘው፣ «የእመቤቴን መጋረጃማ አይሆንም!» ብላ የምትሟገተው ማሚ ናት። ማሚ! ይህች ሴት ሦስት ሰዓት ከግማሽ በላይ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ የራሷ የሆነ ስም እንኳ የላትም። የሚጠሯት በሥራዋ ነው።

ማሚን ሆና የሠራችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት። ሽርጥና የራስ መሸፈኛ ነው ያለበሷት። ነገር ግን አንዲት ትዕይንት አለች፤ ያላያችሁ እዩአት። ሬት በትለር ቀይ የሐር የውስጥ ጉርድ ስጦታ ሰጥቷት ኖሯል፤ የስካርሌት ልጅ በተወለደች ቀን ማሚ ስትራመድ ጉርዱ ከቀሚሷ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሬት ይሰማና አሳዪኝ ይላታል። እሷም እያፈረች፣ እየሣቀች፣ የቀሚሷን ጫፍ ጥቂት ገለብ ታደርገዋለች። ያቺ ቀይ ጨርቅ ሽርጡ የደበቀውን ሰው ለአፍታ ታወጣዋለች። ከዚያ ትዕይንት ጉርዱን አውጡት፤ ምን ይቀራል? ማክዳንኤል የካቲት 29 ቀን 1940 በዚህ ሥራዋ ኦስካር በመቀበል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች። ወደ ሽልማቱ መድረክ የተነሣችው ግን ከባልደረቦቿ ማዕድ አይደለም፤ ከአዳራሹ ዳር ለብቻዋ ከተቀመጠላት ትንሽ ጠረጴዛ ነው።

ገበያው ደግሞ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። «ቁርስ በቲፋኒ» በተባለው የ1961 ፊልም ኦድሪ ሄፕበርን የለበሰችው ዓይነት ጥቁር የዢቫንሺ ቀሚስ በ2006 ለንደን ውስጥ ለበጎ አድራጎት በተደረገ ጨረታ 467,200 ፓውንድ ወጣ። ማሪሊን ሞንሮ የለበሰችው፣ ነፋስ ያነሣው ነጭ ቀሚስ በ2011 ከነኮሚሽኑ ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ጋዜጣው ሁሉ «የማሪሊን ቀሚስ» ብሎ ጻፈ፤ የሠራው ዊልያም ትራቪላ ነው። የዶሮቲ ቀይ ጫማ፣ ያ «ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ላይ የሚያብለጨልጨው፣ በ2024 ከነኮሚሽኑ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ንድፉ የኤም ጂ ኤሙ አድሪያን ነው። ጆአን ክራውፎርድን ባለ ሰፊ ትከሻ ያደረጋት፣ ጋርቦን ያለበሳት አድሪያን የልብስ ኦስካር ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ስቱዲዮውን ስለለቀቀ፣ በ1959 ሲሞት አንድም ኦስካር አልነበረውም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

«ያለፈ ነገር አለፈ፤ ሰዎቹም ሞተዋል» የሚል መልስ ይመጣል። አካዳሚው ራሱ ግን እንዲህ አይልም። «የሮማ በዓል»ን የደረሰው ዳልተን ትራምቦ በኮሚኒስትነት ተከሶ ጥቁር መዝገብ ላይ ስለሰፈረ፣ የድርሰቱን ኦስካር በ1954 የወሰደው ስሙን ያዋሰው ሌላ ጸሐፊ ነበር። ትራምቦ በ1976 ሞተ። በ1993 አካዳሚው ሽልማቱን በትራምቦ ስም አድርጎ ለባለቤቱ አስረከበ። ልብ በሉ፤ ይህ የዚያችው የኦድሪ ሄፕበርን ፊልም ነው፤ ኢዲት ሄድም በዚያው ፊልም የልብስ ኦስካር አግኝተውበታል። የሃቲ ማክዳንኤልም ሽልማት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ አካዳሚው በ2023 ምትኩን ሠርቶ ሰጥቷል። መዝገብ ማረም ያውቁበታል ማለት ነው።

ፓራማውንት ራሱም ጥፋቱን ሳያውቀው አልቀረም። ከ«ሳብሪና» ሦስት ዓመት በኋላ በወጣው «ፈኒ ፌስ» ላይ የዢቫንሺ ስም በጉልህ ተጻፈ፤ ለኦስካርም ከኢዲት ሄድ ጋር ጎን ለጎን ታጨ። ኢዲት ሄድ በ1981፣ ዢቫንሺ በ2018 በዘጠና አንድ ዓመቱ ሞቱ። በአካዳሚው መዝገብ ላይ በ«ሳብሪና» አንጻር የሰፈረው ግን ዛሬም አንድ ስም ብቻ ነው። ሁለተኛው ይጻፍ። ጥቁሩን ቀሚስ በእርግጥ የፓራማውንት ሰፊዎች ሰፍተውት ከሆነም የስቱዲዮው የደመወዝ መዝገብ ይመርመርና የእነርሱም ይጨመር፤ ካሪንስካ በ1949 ተጽፋለች።