ድድ ውስጥ ያለ ግምጃ ቤት

ግምጃ ቤት የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ይህን የምጽፈው በአዊ ዞን ከምትገኘውና በዚሁ ስም ከምትጠራው ከተማ ነውና፣ ስሟ ሰሞኑን ሲከነክነኝ የሰነበተ ነገር አስታወሰኝ፤ በቤቱ ያለውን ሀብት ሳያውቅ የሚጥል ሰው ነገር።

በዘመናችን ከሚያስደንቁኝ ጥበቦች አንዱ ባዮፕሪንቲንግ የሚባለው ሕያው ኅትመት ነው። ማተሚያው በቀለም ፈንታ ሕያዋን ህዋሳት የተቀላቀሉበት፣ ከጄላቲን ወይም ከኮላጅን የተዘጋጀ ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ይጠቀማል፤ ኮምፒውተር በሚመራው ንድፍም ድርብ በድርብ እያነጠፈ ህብረ ህዋስ ይሠራል። ቶማስ ቦላንድ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተራ የቢሮ ማተሚያን ለውጠው ህዋስ ለማተም መዋል እንደሚችል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዚያው ዓመት ሶንግታኦ ሺ የተባሉ የጥርስ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በወለቀ የወተት ጥርስ ውስጥ ግንደ ህዋሳት እንዳሉ አስታወቁ። ግንደ ህዋስ ማለት ራሱን የሚያባዛና ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ የሚችል ህዋስ ነው። በልጅነታችን ወደ ጣሪያ የወረወርነው ጥርስ ለካ ባዶ አልነበረም!

ከእነዚህ ሁለት ግኝቶች ትልቅ ተስፋ ተወለደ። ድድን፣ የመንጋጋ አጥንትን፣ ጥርስን ከአጥንት የሚያያይዘውን ጅማትና በጥርስ መካከል ያለውን ለስላሳ ሥጋ አትሞ መተካት ይሞከራል። የተስፋው ጫፍ ግን የጥርስ ቡቃያ ነው፤ መንጋጋ ውስጥ ተተክሎ በራሱ የሚያድግና የሚበቅል። ይህ ዛሬም በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምር ነው። ከደም ሥር ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያህል የራቀ ህዋስ በረሃብ ይሞታል፤ ስለዚህ ከሥጋው ጋር የደም ሥሩን መሥራት ግድ ይላል። ነርቭም ያስፈልጋል። ጠንካራውን የጥርስ ሽፋን የሚሠሩት ህዋሳት ደግሞ ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ ከአዋቂ ሰው አፍ አይገኙም።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ የዓለም ሊቃውንት ይህን ያህል የሚደክሙለትን ቡቃያ እኛ ምን እያደረግነው ነው?

በአማራ ክልልም ሆነ በሌሎች የሀገራችን ክፍሎች ግግ ማውጣት የሚባል ልማድ አለ። ሕፃኑ ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስመልሰው ድዱ ይታያል፤ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ ያበጠና የነጣ ነገር ከተገኘ በሽታው እርሱ ነው ተብሎ በስለት ይፈለቀቃል። የሚወጣው ግን በሽታ ሳይሆን ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩም የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አለ፤ ስለቱ እርሱንም ሊያገኘው ይችላል። የቋሚው ክራንቻ መውጫ ከ9 እስከ 12 ዓመት በመሆኑ፣ ጥርሱ ጠምሞ ሲወጣ ወይም ጨርሶ ሲቀር ያን የሕፃንነት ቀን የሚያስታውስ አይኖርም። ወደ እስራኤል በተጓዙ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥ ይህንኑ ጉድለት እዚያ ያሉ የጥርስ ሐኪሞች መዝግበውታል። ንጹሕ ባልሆነ ስለት ከሚመጣው መመረዝና ከሚፈስሰው ደም አንጻር ደግሞ የጥርሱ ጉዳት ቀላሉ ነው።

እናቶችን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ሌሊት በሚያቃጥል ገላ ላይ የምታለቅስ እናት የቀረባትን እጅ ትይዛለች። የምወቅሰው እኛን፣ ማንበብና መጻፍ የቻልነውን ነው። ስለ ነገው ማተሚያ በአድናቆት እናወራለን፤ ስለ ዛሬው ስለት ዝም እንላለን። «ሳይንስ ነገ ጥርስ ያትማልና አንድ ክራንቻ ቢጎድል ምን አለበት?» የሚል ካለ፣ ያ ነገ መቼ እንደሚመጣ፣ ቢመጣስ ዋጋው ለገበሬው ልጅ ይደርስ እንደሆነ ልጠይቀው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል ያገራችን ሰው።

ሕያው ኅትመት ይስፋፋ፤ የሀገራችን ወጣቶችም ይማሩት። የዚህ ጥበብ የመጀመሪያ ትምህርቱ ግን ያለ ማሽን ሊሰጥ የሚችል ነው፤ በሕፃኑ ድድ ውስጥ ያለው ቡቃያ ትል አይደለም፣ በሽታም አይደለም። ልጁ ሲያተኩሰው መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሁን።