የመኪና ደረጃ ሠንጠረዥ ዓባይ በረሃን አያውቅም

ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና ሊገዛ የተነሳ ነጋዴ ድሮ የሚጠይቀው ሾፌርና መካኒክ ነበር። ዛሬ ደላላው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የውጭ አገር ሠንጠረዥ ያሳየዋል፤ «ይኸው፣ በአስተማማኝነት ከዓለም አንደኛ!» ይለዋል። ገዢውም የዓመታት ቁጠባውን፣ አንዳንዴም ቤቱን አስይዞ የተበደረውን ገንዘብ ይዞ የቆመ እንደመሆኑ መጠን እንዲህ ያለ ምስክር ሲያገኝ ልቡ ይረጋል። ለመሆኑ ይህ ምስክር ምን ያህል ይታመናል? መልሱ «በልኩ» ነው። ልኩን ለማወቅ ደግሞ ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ምን ይቆጠራል?

ብዙ ከሚጠቀሱት አንዱ ጄ.ዲ. ፓወር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው ነው። ድርጅቱ የሚጠይቀው መኪናቸውን አዲስ ገዝተው ሦስት ዓመት የያዙ የመጀመሪያ ባለቤቶችን ሲሆን፣ የሚቆጥረውም በ100 መኪና ስንት ችግር እንደደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ውጤት ሌክሰስ በ100 መኪና 135 ችግር አስመዝግቦ አንደኛ ሲወጣ፣ የጠቅላላው ገበያ አማካይ 190 ነበር። በሌላ አነጋገር በአንደኛውና በአማካዩ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ መኪና ግማሽ ብልሽት ያህል ነው። ያውም ብልሽት ሲባል ሁሉም ሞተር የሚያስወርድ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከሁሉ የበዛው ቅሬታ የመጣው ከስክሪኑ፣ ከስልክ ግንኙነቱና ከመሳሰለው ነበር።

ሌላው የአሜሪካ ተቋም ኮንሲዩመር ሪፖርትስም የሚጠይቀው አባላቱን ነው። የጀርመኑ ቲዩፍ ግን በግዴታ የቴክኒክ ምርመራ ላይ የተገኘውን ጉድለት በመኪናው ዕድሜ ከፋፍሎ ያወጣል፤ አሥር ዓመት ያለፋቸውንም ይጨምራል። ለኢትዮጵያ ገዢ ከሦስቱ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ይሁንና እሱም ቢሆን የጀርመን አስፋልትና የጀርመን ጋራዥ ውጤት ነው።

ማርቆስ ላይ የሚነዳው

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። የማርቆስ፣ የደጀን፣ የቢቸናና የፍኖተ ሰላም ነጋዴ የሚገዛው ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስ፣ ሚኒባስ፣ ለጭነት ደግሞ አይሱዙና ሲኖትራክ ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በአሜሪካው የደረጃ ሠንጠረዥ ውስጥ ጭራሽ የሉም። አይሱዙ በአሜሪካ የቤት መኪና መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የጭነት መኪናው ደግሞ በዚህ ቆጠራ አይገባም። ያሉትም ቢሆኑ አዲስ ሳሉ የተቆጠሩ ናቸው። እዚህ ግን መኪናው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤቱን ይዞ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሶ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዕድሜ በቅርብ ዓመታት እየገፋ እንጂ እያነሰ አልሄደም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አውቶሞቢል የውጭ ምንዛሪ ከተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ገባ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ወሰነ። ስለዚህ የነዳጁ ገበያ በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲያዘዋውር ቆይቷል። የሦስት ዓመት መኪና ደረጃ ለሃያ ዓመት መኪና ምስክር አይሆንም።

ከዚያ መንገዱ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን ያህል ያጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ሁሉ ዓባይ በረሃን ያቋርጣል፤ ከደጀን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ከወንዙ እስከ ጎሃ ጽዮን ደግሞ ያንኑ የሚያህል ዳገት። ጤፍና በቆሎ የጫነ መኪና ሲወርድ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ሲወጣ ራዲያተሩ ይፈላል። ይህን ፈተና የሚቆጥር ሠንጠረዥ የለም።

የቆመበት ቀን

ነጋዴውን የሚጎዳው የብልሽት ብዛት ብቻ አይደለም፤ መኪናው ሥራ ፈትቶ የቆመበት ቀን ነው። ሁለት መኪና አሉ እንበል። አንዷ በዓመት አራት ጊዜ ትሰበራለች፤ ዕቃው ማርቆስ ስላለ በማግሥቱ ትነሳለች። ሌላዋ አንድ ጊዜ ብቻ ትሰበራለች፤ ዕቃው ሶማሌ ተራ ጠፍቶ ከውጭ እስኪመጣ 20 ቀን ትቆማለች። በሠንጠረዥ ሁለተኛዋ በአራት እጥፍ ትበልጣለች፤ በባለንብረቱ መዝገብ ግን አንደኛዋ አራት ቀን፣ ሁለተኛዋ 20 ቀን ያለ ገቢ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት እንደነበሩ ሲታሰብ፣ የመለዋወጫ ቅርበት ከምንጊዜውም በላይ ዋጋ አለው።

ቶዮታ በዚህ አገር የነገሠውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሞተሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስሙን ያጸናለት በየከተማው መካኒክ የሚያውቀው፣ ዕቃው ከኦሪጅናል እስከ ቅይጥ የሚገኝለት፣ ሲሸጥም ገዢ የማያጣ መሆኑ ነው። ለቶዮታ ተጨማሪ የሚከፈለው ገንዘብ በከፊል የመሸጫ ቀን ዋስትና ነው፤ ይህን አውቆ የከፈለ አልተሞኘም። ሆኖም ስም ብቻውን ሞተር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2024 ቶዮታ ራሱ ከፋብሪካ የብረት ፍርፋሪ ሞተር ውስጥ በመቅረቱ ወደ 100,000 የሚጠጉ የቱንድራና የሌክሰስ መኪኖችን ጠርቷል። ደረጃው የብራንድ አማካይ ነው፤ የሚገዛው ግን አንድ ሞዴል፣ የአንድ ዓመት ምርት ነው።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። ሆላንድ ካር የተባለው መገጣጠሚያ የቻይናውን ሊፋን በወንዙ ስም «አባይ» ብሎ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከሠረ፤ ሊፋንም እ.ኤ.አ. በ2020 በአገሩ በፍርድ ቤት የዕዳ ማስተካከያ ውስጥ ገባ። መኪናው ደህና ቢሆን እንኳ አቅራቢው ሲጠፋ ባለንብረቱ ብቻውን ይቀራል።

ኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ለሚያስብም ይኸው ነው። ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ ቁልቁለትም ባትሪውን መልሶ ይሞላለታል። ነገር ግን ቢዋይዲ በአሜሪካ የቤት መኪና ስለማይሸጥ በዚያ አገር ሠንጠረዥ አይገኝም፤ የቮልስዋገን አይዲ 6ም ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ባትሪው ምን ያህል ጤና እንዳለውና ማን እንደሚጠግነው ነው።

ምን ይደረግ?

ሠንጠረዡ ይጣል ማለት አይደለም። አንድ ሞዴል በተለያዩ ተቋማት፣ ዓመት ከዓመት በሞተርና በካምቢዮ ከተከሰሰ ክሱ እውነት ነውና ይወሰድ። አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ግን በዋጋ ላይ ብር የሚያስጨምር አይደለም። ከዚያ በኋላ ገዢው ሊብሬውን ይመርምር፤ መካኒክ ይዞ ሞተሩን በጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሳ፤ ማርቆስ ላይ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚገኝ ይጠይቅ፤ ከተቻለም ዳገት ላይ ይሞክረው።

ጎጃሜው በቅሎ ሲገዛ የማን ዘር እንደሆነች መስማቱ አይቀርም። ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ግን አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ኮቴዋን ያነሳል፣ ኮርቻ ጭኖ ያስኬዳታል። ከበቅሎ ብዙ እጥፍ የሚከፈልበት መኪና ከዚህ ያነሰ ምርመራ አይገባውም።